ተበጥሮ አዳማ የወረደው ጆሮዬ

የግራ ጆሮዬን ለማሳየት ከአርሲ ነገሌ አዳማ ወርጄ ተመልሻለሁ። መንገዱ ጠዋት የተነሳ ሰው ለምሳ የሚደርስበት ነው፤ እኛ ግን ሰኞ ወጥተን ቅዳሜ ተመለስን። ጆሮ ይዞ መጓዝ እህል ጭኖ ከመጓዝ እንደሚከብድ አባዬ ራሱ መስክሯል፤ እሱ ደግሞ የእህል ደላላ ስለሆነ በዚህ ጉዳይ ቃሉ ይታመናል። የሰፈሬ ልጆች አዳማን የሚያውቋት ከጭነት መኪና ሹፌሮች አፍ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁሉን በየቀኑ እንደሆነው እጽፈዋለሁ። ሐይቅና ተራራ የሚጠብቅ ካለ ግን ከአሁኑ ይቅር ይበለኝ፤ የሚኒባሱ መጋረጃ በእኔ በኩል ከመስኮቱ ጋር ተሰፍቶ ነበር።

ከመንገዱ በፊት ስለ ተጓዡ ልናገር። ጆሮዬ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ይፈሳል። አሁን አሥራ ስድስት ሆኖኛል፤ አሥር ዓመት አብረን ኖረናል ማለት ነው። ፈሳሹን ሂጃቤ ይሸፍነዋል፣ ሽታውን ደግሞ ሽቶ። ክፍል ውስጥ በየዓመቱ አንድ አንድ ረድፍ ወደፊት እየተጠጋሁ አሁን ከመምህሩ ጠረጴዛ ጋር ጎረቤት ሆኛለሁ። ጎበዝ ስለሆንኩ የሚመስላቸው አሉ፤ አላረምኳቸውም።

በዚህ ዓመት ጤና ጣቢያ ያለው የጤና መኮንን በመብራት አየኝና የጆሮዬ ታምቡር ተቀዶ እንደቆየ፣ በሽታው ወደ አጥንቱም ሳይገባ እንዳልቀረ ነገረን። ከዚህ በላይ ከቆየ መስማቴ እንደሚሄድና በጆሮና በአንጎል መካከል ያለውም አጥንት ስስ እንደሆነ ጨመረበት። አባዬ በዚያች ደቂቃ ስልኩን አጠፋ። የስንዴ ገዢ እየደወለለት ስልክ ሲያጠፋ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። አዳማ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ማክሰኞና ዓርብ ከአዲስ አበባ የምትመጣ የጆሮ ሐኪም አለች፤ ኦፕሬሽን የሚሠራላቸውን ሰዎች ዝርዝር የምትዘጋው በዚህ ሳምንት ዓርብ ነው፤ የሚቀጥለው መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። የጤና መኮንኑ ወረቀታችንን ሲሰጠን ከጸሎት በቀር ጆሮዋ ውስጥ ምንም እንዳይገባ ብሎ አስጠነቀቀን።

ሰኞ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያ ነበርን። ነገሌ ጠዋት ብርድ ነው፤ አባዬ ጋቢውን ደርቦ ነበር። አዳማ ጋቢ ለብሶ የሚገባ ሰው እንደሚሳቅበት ብነግረውም እሱ እህል ይዞ ሲሄድ ማን ስቆበት እንደሚያውቅ ጠየቀኝ። ሚኒባሱ ሞልቶ ተነሳ፤ ከሞላ በኋላ ደግሞ ሌላ አራት ሰው ሞላ። አባዬ በመስኮት የሚያየውን ማሳ ሁሉ ለሾፌሩ ይተነትንለታል፤ ይኸኛው ዘግይቶ የተዘራ ነው፣ ያኛው አረም በዝቶበታል፣ የዚያኛው ባለቤት ሰነፍ ነው። ሾፌሩ ሁሉንም በትዕግሥት ሰማ፤ ምናልባት እሱም አንድ ጆሮው አይሰማ ይሆናል።

ረፋድ ላይ ባቱ ገባን። በደንቡ እዚያ መቆም አልነበረብንም፤ ሌላ መኪና ይዞ መቀጠል ነው። ነገር ግን ባቱ የአባዬ ታላቅ እህት የአክስቴ ከድጃ ከተማ ናት። ባቱን አልፎ አክስቴ ከድጃ ቤት አለመግባት ማለት እስከሚቀጥለው ሰርግ ድረስ በስልክ መወቀስ ማለት ነው። ስለዚህ ገባን።

አክስቴ ከድጃ አሳ ጠበሰችልን። ነገሌ አሳ ሲባል እንደ ፈተና ነው፤ ሁሉም ስለ አጥንቱ ያወራና በፍርሃት ይበላል። ባቱ ግን የአምስት ዓመት ሕፃን አሳውን እያወራ፣ እየሳቀ፣ አጥንቱን በከንፈሩ እየለቀመ ይጨርሰዋል። እኔ ግማሹን ስበላ ከጓሮ አጥር ላይ ራሰ በራው ትልቁ ወፍ፣ አባ ኮዳ፣ እንደ ጡረተኛ ዳኛ አጎንብሶ ያየኝ ነበር።

ችግሩ ከምሳ በኋላ መጣ። አክስቴ ሂጃቤን ገለጥ አድርጋ ጆሮዬን አየች፤ ከዚያ ዞራ አባዬን አየችው።

«ጀማል፣ እንዲህ ሆና ሐኪም ፊት ልታቀርባት ነው?»

«ምንም አታስገቡ ብሏል ሰውዬው» አላት አባዬ።

«ማስገባት ማን አለ? ማውጣት ነው እንጂ።»

እዚህ ላይ የነገሌን የእህል ገበያ ላላየ ሰው አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። እኛ ጋ ገዢ ከመምጣቱ በፊት እህል ይበጠራል። ገለባው ይነፋል፣ ጠጠሩ ይለቀማል፣ የጆንያው አፍ ላይ ያለው ስንዴ በሰፌድ ተንገዋሎ እንደ ዶቃ ያበራል። ማጭበርበር አይደለም ይላል አባዬ፤ ገዢን ማክበር ነው። ገዢውም ይህን ስለሚያውቅ ቦይ ባለው ብረት የጆንያውን ጎን ይወጋና ከመሃል ናሙና ያወጣል። ሁሉም ሁሉን ያውቃል፣ ማንም አይቀየምም። ነቀዝ ከተገኘበት ግን ጆንያው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ደላላውም አንገቱን ይደፋል።

አባዬ ጆሮዬን በዚህ ዓይን አየው። «እንግዲህ መታየቱ ካልቀረ» አለ። ይህ በእህል ደላላ ቋንቋ አበጥሩት ማለት ነው።

አክስቴ ክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልላ ጠረገችኝ። ቀጥላ «ለማለስለስ» ብላ ነጭ ሽንኩርት ከጤና አዳም ጋር በዘይት አሙቃ ሦስት ጠብታ አደረገችልኝ። ማለስለስ ማስገባት አይደለም፣ ስለዚህ አልተከለከለም። ከዚያ ሌላ ሦስት፤ እኔ የወንድሟ ልጅ ስለሆንኩ አነስ አድርጋ መስጠት አልቻለችም። በፍቅር ነው የተሠራው፤ ሲያቃጥልም በፍቅር ነው ያቃጠለው። ተኝቼ ጭንቅላቴን አዘንብዬ ሳለ አባዬ አጠገቤ ቆሞ «አሁን ሰው መሰለች» አለ።

ማክሰኞ

ማልደን ወጣን። ከባቱ ሞጆ በአዲሱ የፍጥነት መንገድ ነው የሄድነው። ይህ መንገድ ለነገሌ ሰው ግራ ነው፤ ከብት የለበትም፣ ጋሪ የለበትም፣ መሃል ላይ ቆሞ ሰላምታ የሚለዋወጥ ሰው የለበትም። አባዬ እንዲህ ባዶ መንገድ ሰርቶ ሰውን ማስከፈል ብልህነት ነው አለ። እኔ ብዙም አልሰማሁትም፤ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ሰው በርበሬ እየወቀጠ ነበር።

አዳማ ስንደርስ ሙቀቷ በሩ ላይ ተቀበለን። ነገሌ ፀሐይ ከፈለግህ ወጥተህ ትሞቃታለህ፤ አዳማ ፀሐይዋ ራሷ ቤትህ ድረስ መጥታ ታወጣሃለች። አባዬ ጋቢውን በዝምታ አጣጥፎ ብብቱ ውስጥ አደረገ። ባጃጅ ይዘን ሆስፒታል ገባን።

ወረፋው ላይ አጠገባችን የተቀመጡት ኦቦ ገመቹ የሚባሉ የወለንጪቲ ገበሬ ነበሩ። ከጆሯቸው ጀርባ ሎሚ የሚያህል እብጠት አለ። ከአባዬ ጋር በኦሮምኛ ሰላምታ ጀመሩ፤ አካም ጅርታ፣ ከብቱ ፈያ ነው ወይ፣ ልጆች፣ ዝናብ፤ ሰላምታው ሳያልቅ የእኛ ስም ተጠራ።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ አስራዋለች። ስለ ጆሮዬ ጠየቀች። አባዬ ጉሮሮውን ጠረገና መሸጥ ጀመረ። የሚፈሰው አልፎ አልፎ ነው፣ ያን ያህል አይሸትም፣ ልጅቱ ጤነኛ ናት፣ ትምህርቷ ጥሩ ነው፣ ቤታችን ንጹሕ ነው፣ ደህና አድርጎ የያዘው ሰው የለም እንጂ የሚድን ጆሮ ነው። ሁሉን የተናገረው ፊቱ ላይ ያንን የገበያ ፈገግታውን ይዞ ነው። እኔን እንኳን ሊገዛኝ የሚፈልግ ሰው ያለ እስኪመስለኝ ድረስ።

ዶክተሯ በመሣሪያዋ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። ትንሽ ቆየች። ከዚያ ዓይኗን ሳታነሳ «ነጭ ሽንኩርት ነው?» አለች።

አባዬ ጋቢውን ከአንዱ ብብቱ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ጤና አዳምም አለበት» አልኩ እኔ፤ የጀመሩትን መጨረስ ይሻላል ብዬ።

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። የጆሮዬ ቦይ ተቃጥሎ አብጦ ተዘግቷል፤ ታምቡሩም አጥንቱም አይታይም። ማየት ያለባት ደግሞ ያንን የጠረግነውንና የሸፈንነውን ነገር ነበር። ዘይቱን በቀጭን ቱቦ መጠጠችልኝ፣ መድኃኒት የነከረችው ጥጥ ሰካችልኝና እስከ ዓርብ ምንም እንዳይነካው አለች። ዓርብ እብጠቱ ከቀነሰ ታያለች፤ ካላየች ግን ስም አትጽፍም። ያላየችውን ጆሮ ዝርዝር ውስጥ ማስገባት እንደማትችል ለአባዬ ሁለት ጊዜ ነገረችው።

ልንወጣ ስንል ስንተኛ ክፍል እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። አሥራ አንደኛ አልኳት። ከጆሮዬ የሚወጣው ምን እንደሚመስለኝ ጠየቀችኝ፤ ቆሻሻ ነው አልኩ።

«አብዛኛው ሞተው የወደቁ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው» አለችኝ። «ጀርም ሲገባ መጀመሪያ ሮጠው የሚደርሱት። ላንቺ ሲዋጉ ነው የሞቱት።»

ኒውትሮፊል የሚባለውን ነጭ የደም ሴል በባዮሎጂ ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይም በትክክል ጽፌዋለሁ። ግን በሶፍት ጠርጌ የምጥለው እሱ መሆኑን ማንም አልነገረኝም። አሥር ዓመት ሙሉ የገዛ ሠራዊቴን ሬሳ በሽቶ ስሸፍን ኖሬያለሁ። አሁን ደግሞ አክስቴ የጨመረችው ዘይት ሲያቃጥለኝ ሌላ ዙር ሠራዊት ወደዚያው ዘምቷል ማለት ነው። ያ ሁሉ ሰው፣ በሦስት ጠብታ፤ ይቅርታ፣ በስድስት።

ያረፍነው እትዬ ዘነበች ቤት ነው። ባለቤታቸው የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ ከአባዬ ጋር ብዙ ዓመት እህል አመላልሰዋል፤ ያን ሳምንት ግን መንገድ ላይ ነበሩ። እትዬ ዘነበች ክርስቲያን ናቸው፣ እኛ እስላም። በእሳቸው ቤት ግን እንግዳ ሥጋ ሳይበላ ማደር ነውር ነው። እና ምን አደረጉ? ሥጋውን ከእስላም ሥጋ ቤት አስገዝተው፣ በጎረቤታቸው በሐጂዋ ድስት፣ በሐጂዋ እጅ አሠርተው በትሪ አስመጡልን፤ ራሳቸው ሽሯቸውን ይዘው አጠገባችን ቁጭ አሉ። ሲያጎርሱን እጃቸውን በመሃል ይታጠቡ ነበር፤ የእኛ እንዳይነካባቸው ነው ወይስ የእነሱ እንዳይነካብን አልገባኝም፤ ለማንኛውም ሁላችንም ጠገብን።

ከራት በኋላ ስለ ጆሮዬ ሰምተው ኖሮ የወይራ ዘይት የያዘች ትንሽ ጠርሙስ ይዘው መጡ። አባዬ ተነስቶ ጆሮዬን በሁለት እጁ ሸፈነው። እንዲህ ፈጥኖ ሲነሳ አይቼው አላውቅም።

ረቡዕ

የመስማት ምርመራ አደረግሁ። ይህ ነገር ነገሌ የለም፤ ስለዚህ ላስረዳ። መስታወት ያለው ጠባብ ሳጥን ውስጥ ያስገቡሃል፣ ማዳመጫ ያደርጉልሃል፣ ድምፅ በሰማህ ቁጥር ቁልፍ ትጫናለህ። የቀኙን በደንብ ጨረስኩት። የግራው ሲመጣ ዝምታ ሆነ። እኔ ደግሞ ፈተና ላይ ባዶ ትቼ የማላውቅ ተማሪ ነኝ። በመስታወቱ ውስጥ የመርማሪዋን እጅ እያየሁ፣ ጣቷ ሲንቀሳቀስ መጫን ጀመርኩ። ጥሩ ነጥብ እያመጣሁ መሰለኝ።

በሩን ከፍታ ገባች። «ምንም ድምፅ ሳልልክ ሦስት ጊዜ ሰማሽ» አለችኝ።

የማን ልጅ እንደሆንኩ የገባኝ ያኔ ነው። ወንበሬን ወደ ግድግዳ አዞረችውና እንደገና ጀመርን። የሁለተኛው ውጤት ዝቅተኛ ነው፤ ግን የራሴ ነው።

ከሰዓት በኋላ አባዬ ጭማቂ ቤት ወሰደኝ። የአዳማ ስፕሪስ በማንኪያ ነው የሚበላው፤ ብርጭቆው ውስጥ አቮካዶው፣ ማንጎው፣ ፓፓያው እንደ ባንዲራ ተደራርቦ ይቆማል። ነገሌ ጭማቂ ማለት የሚጠጣ ነገር ነው፤ ያን ያህል ኋላ ቀርተናል። አባዬ አልነካውም። ስለ ዓርብ እያሰበ እንደነበር አውቃለሁ፤ የሚያስብ ሰው ስለሆነ ሳይሆን በዚያ ሁሉ ሰዓት ስለ ስንዴ አንድም ቃል ስላልተናገረ።

ሐሙስ

እትዬ ዘነበች ሶደሬ ካልሄዳችሁ አዳማ መጣን እንዳትሉ አሉ። ፍል ውሃው ያልፈወሰው የለም፤ ወገብ፣ ጉልበት፣ የደም ግፊት፣ መካንነት። ጆሮዋ ውሃ አይነካውም አላቸው አባዬ። እሷ ዳር ትቀመጣለች፣ እኔ እጠብቃታለሁ ብለው ማሉለት። አባዬ በጣም ለመነ፣ እሳቸው ደግሞ የበለጠ ለመኑ፤ እንግዳ አስተናጋጁን አሸንፎ አያውቅምና ሄድን።

ሶደሬ የነገሌ ሰው ቢያያት ውሃ ለማሞቅ ለምን እንደምንደክም ይገርመዋል። ውሃው ከመሬት እየተንተከተከ ይወጣል። እግሬን ብቻ ነክሬ ተቀመጥኩ፤ ጥጥ በጆሮዬ፣ ከላይ ሂጃብ፣ ከዚያ በላይ የእትዬ ዘነበች ነጠላ። ሙዛችንን ጦጣ ወሰደው፤ ልጣጩን እንኳን ራሱ ነው የላጠው፣ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ።

ከጎኔ አንዲት የማላውቃቸው እናት ነበሩ። ምን እንደያዘኝ ጠየቁኝ፤ እኔ ሞኟ ነገርኳቸው። ፊታቸው በርኅራኄ ተሞላ። ጣሳቸውን ከፍል ውሃው ሞልተው፣ ቢስሚላህ ብለው፣ በስተግራዬ ከፍ አደረጉት። የሚናገሩት ነበር ግን በግራዬ ስለሆኑ አልሰማሁም። ያየሁት የእትዬ ዘነበችን ፊት ብቻ ነው። ከኋላዬ ሮጠው መጥተው በእኔና በጣሳው መካከል ገቡ። ጣሳ ሙሉ ፍል ውሃ በአዲሱ ቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ፤ ለእንግዳ ክብር ያወጡት ቀሚስ ነው።

ውሃው እየተንጠባጠበባቸው ቆመው «ለእኔ ይሁን፣ እኔም ወገቤን ያመኛል» አሏቸው።

እናትየዋ ደስ ብሏቸው ሁለተኛ ጣሳ ጨመሩላቸው። አዳማ እስክንገባ ሚኒባሱ ውስጥ ቀሚሳቸው ይተን ነበር። አባዬ ወገባቸውን ጠየቃቸው፤ ለጊዜው ጉንፋን የያዛቸው እንደሚመስላቸው ተናገሩ።

ዓርብ

ጠዋት እብጠቱ ቀንሷል፤ ጣቴን ሳስጠጋ አያመኝም። ወረፋው ላይ ኦቦ ገመቹ ቀድመውን ገብተው ሲወጡ አገኘናቸው። ስማቸው ተጽፏል። አባዬ እንዴት እንደቀናቸው ጠየቃቸው። ዶክተሯ የምትመርጠው እንዴት እንደሆነ ነገሩት፤ አጥንቱ የተበላ ይቀድማል፣ ደህናው ይጠብቃል። የእሳቸው ከሁሉ የባሰ ስለሆነ ከሁሉ ቀደሙ። ይህን ሲሉ እንደ ማፈር አሉ።

አባዬ ቆመ። እኔ የገባኝን እነግራችኋለሁ፤ እሱ ምን እንደገባው ግን ፊቱ ላይ ብቻ ነው ያየሁት። ማክሰኞ ያን ሁሉ ያሳመረው፣ የበሰበሰ መሆኔን ካወቀች ትመልሰኛለች ብሎ ነው። ነቀዝ ያለበት ጆንያ እንደሚመለሰው። እዚህ ቤት ግን የሚመለሰው ንጹሑ ነው።

ስማችን ተጠራ። ዶክተሯ ወንበር ላይ አስተኝታኝ ትልቁን ማይክሮስኮፕ ወደ ጆሮዬ ስታመጣ አባዬ ጋቢውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጀመረ።

«ዶክተር፣ ማክሰኞ ያልኩዎትን ይተዉት።»

ቀና አለች።

«ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ አንድ ወር ደርቆ አያውቅም» አላት። «ይሸታል። እናቷ ትራሷን የምታጥበው እሷ ትምህርት ቤት ስትሄድ ነው፣ እንዳታውቅ። ባለፈው ክረምት ግቢ ውስጥ ዞሮባት ወድቃለች፤ ድንጋይ አደናቀፈኝ አለችን፤ እዚያ ጋ ድንጋይ የለም። ስጠራት በቀኟ ዞሬ ነው የምጠራት። በግራ ብጠራት እንደማትሰማ እንዳታውቅብኝ።»

ጭንቅላቴ በማይክሮስኮፑ ስር ስለሆነ መዞር አልቻልኩም። ትራሴ ሁልጊዜ ንጹሕ የሆነው በራሴ ጥንቃቄ ይመስለኝ ነበር። የወደቅሁትንም ማንም እንዳላየ እርግጠኛ ነበርኩ። ለካ ቤት ውስጥ እኔ እነሱን፣ እነሱ እኔን፣ ሁላችንም ስናበጥር ነው የኖርነው። ዓይኔ ያለቀሰው ከማይክሮስኮፑ መብራት ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ተውኩት።

ዶክተሯ ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ወንበሯን ወደ አባዬ አዞረች። ታምቡሩ ላይ ትልቅ ቀዳዳ አለ፤ በእሱ በኩል የቆዳ ዘር ቦታው ባልሆነበት ገብቶ እንደ ነጭ እብጥ ተከማችቷል። ድምፅን ከሚያሳልፉት ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ውስጥ የመካከለኛው ግማሹ ተበልቷል።

«ነቀዙ ምንድን ነው?» አላት አባዬ።

ነቀዝ አይደለም አለችው። ጀርሞቹ ዝልግልግ ነገር ሠርተው ውስጡ ተደብቀዋል፤ መድኃኒትም የሰውነት ሴሎችም በደንብ አይደርሱባቸውም። እነሱ ስላልወጡ ማክሮፌጅ የሚባሉት ሴሎች ጩኸታቸውን አያቆሙም። ጩኸቱ ደግሞ ያረጀ አጥንት የሚያፈርሱትን ሴሎች ይቀሰቅሳል፤ እነሱም ተነስተው ጤነኛውን አጥንት ያፈርሳሉ። አጥንቱን የበላው ጀርሙ ራሱ ሳይሆን በአብዛኛው የገዛ ጠባቂዎቿ ናቸው።

ይህን ስትል እያስረዳችው እንደሆነ እንጂ እንደሚገባው እርግጠኛ አልነበረችም። አባዬ ግን መጋዘን ውስጥ ስለነበረው ዘበኛ ነገራት። አይጥ ገብታ ነበር። ዘበኛው ታማኝ ሰው ነው፤ አይጧን አገኛለሁ ብሎ ሲያሳድድ በያዘው ዱላ ጆንያውን ሁሉ ቀደደው። አይጧ ከበላችው ዘበኛው የደፋው በለጠ።

«ታዲያ ዘበኛውን አባረሩት?» አለችው ዶክተሯ።

«ኧረ አይገባም። አይጧን አወጣንለት፣ ቀዳዳውን ደፈንን። ያኔ ተቀመጠ።»

ዶክተሯ ሳቀች። ኦፕሬሽኑም ይኸው ነው አለችው፤ ያንን እብጥ ማውጣት፣ ማጽዳት፣ ታምቡሩን መድፈን፤ ከዚያ ጠባቂዎቹ ያርፋሉ። የተበላው አጥንት ስለሚጠገንበት መንገድ በኋላ ይታያል፤ መስማቴ ምን ያህል እንደሚመለስ ቃል አልገባችም። ያለው እንዳይብስ ግን ጊዜው አሁን ነው። ወረቀቷን ስባ ከኦቦ ገመቹ ስም ስር ስሜን ጻፈች። ቀጠሮው ከአንድ ወር በኋላ ነው፤ እስከዚያ ጆሮዬ ውስጥ የሚገባው በወረቀት የታዘዘው ጠብታ ብቻ ነው፤ «ዘመድም ቢሆን» ብላ ጨመረችበት።

ልንወጣ ስንል አባዬ በሩ ላይ ቆም ብሎ የቀኙ ጆሮዋ ግን አንደኛ ደረጃ ነው አላት። ልማድ ነው፣ አልፈረድኩበትም።

ቅዳሜ

እትዬ ዘነበች በጉንፋን ድምፅ ሸኙን፤ ለመንገድ ዳቦ፣ ለእናቴ ደግሞ ከሐጂዋ ጋር ተማክረው የገዙትን ሻሽ ሰጡን። ባቱን አለፍናት። አልቆምንም። አባዬ ከተማዋ እስክታልፍ ድረስ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያስር ነበር፤ ጫማው ግን ማሰሪያ የሌለው ነው። ቡልቡላ ስንደርስ ብርዱ ጀመረን፤ ጋቢው ከብብቱ ወጣ፤ ወደ አገራችን መግባታችንን በዚያ አወቅሁ።

ለእማዬ በስልክ ምንም አልነገራትም ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር በአካል ነው የሚነገረው ብሎ። ቤት ስንደርስ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ከፊቷ ላይ የሳምንት እንቅልፍ ጎድሏል። መጀመሪያ ጆሮዬን፣ ከዚያ ፊቴን፣ ከዚያ አባዬን አየች።

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገና ዝርዝሩ ውስጥ ሁለተኛ እንደወጣሁ ነገራት።

እማዬ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ አልሐምዱሊላህ አለች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ዓይኗን ገለጠችና በየሰሚስተሩ መጨረሻ ካርዴን ስቀበል እንደምትጠይቀኝ አድርጋ ጠየቀች።

«አንደኛ ማን ወጣ?»

«አንድ የወለንጪቲ ገበሬ» አላት አባዬ። «ይገባቸዋል።»